አረንጓዴው ጀለስ

ቀንቻለሁ። መጀመሪያ ይኼን ልናገርና ይውጣልኝ፤ ኋላ እየተግደረደርኩ ጊዜያችሁን አልፈጅም። ሰው በሚስቱ ይቀናል። በጎረቤቱ የወተት ላም ይቀናል። የወንድሙ በቆሎ ከሱ በቆሎ አንድ ክንድ በለጠ ብሎ ሆዱን የታመመም አውቃለሁ። ይኼ ሁሉ ደንብ ነው፣ ማንም አይስቅበትም። እኔ ግን በስተርጅና የቀናሁት በእንድሪስ ነው። እንድሪስ ማለት ራሰ በራ፣ ባንድ ጆሮው የማይሰማ፣ በሳቀ ቁጥር ሳል የሚይዘው፣ አብሮኝ ያረጀ ጓደኛዬ ነው። ብታዩት ምኑ ያስቀናል ትላላችሁ። የልጆቼ እናት ዘሃራም እንደዚያው ነው ያለችው።

«አንተ ሰውዬ፣» አለችኝ፣ «ጣውንት የመጣብኝ እኔ ብሆን እንኳ እንዲህ አልሆንም ነበር።»

የኔ ጣውንት ቲቸር ነው።

ስሙስ ተፈራ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ግን ቲቸር ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ደሴ መጣና እንድሪስ ግቢ ውስጥ ያለችውን ክፍል ተከራየ። እንድሪስ ክፍሏን አከራየው፣ ራሱንም መርቆ ሰጠው።

በፊት እኔና እንድሪስ ከአስር ሶላት በኋላ ፒያሳ ካለችው ሻይ ቤት እንቀመጥ ነበር። «ዛሬ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ይወርዳል» እላለሁ። «አይወርድም» ይላል። ከወረደ እኔ እኩራራለሁ፤ ካልወረደ እሱ ይስቅና ያስላል። ሥራችን ይኸው ነበር፣ ሌላ አልጠየቅንም። ቲቸር መጥቶ ከጎናችን ወንበር ከሳበ ወዲህ ግን ጉሙም ቀረ፣ ጦሳም ቀረ።

ሰውየው በየቀኑ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይዞ ይመጣል። ቃሉን ብቻ ቢናገር ደግ ነበር፤ የቃሉን አያት ቅድመ አያት ይቆጥራል። «ይህ ቃል ከግሪክ ተነስቶ ሮም ገባ፣ ከሮም ፈረንሳይ አደረ፣ ከዚያ እንግሊዝ አገር ወርዶ ልጅ ወለደ» ይላል፣ ግመል ጭኖ እንደሚከተል ነጋዴ። አንድ ቀን «ሳላሪ የሚሉት ደመወዝ ሥሩ ጨው ነው» ብሎ እንድሪስን አፉን አስከፈተው። አያቶቹ በአሞሌ የተገበያዩ ሰው፣ ጨው ገንዘብ ነበር ሲሉት አፉን ይከፍታል? እኔ ብነግረው «እሱንማ አውቃለሁ» ባለኝ ነበር።

ይኼን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የጆሮውን ነገር ነው። እንድሪስ ወንበር ሲመርጥ አየዋለሁ፤ ደህነኛዋን ጆሮ ወደ ቲቸር፣ ድፍኗን ወደ እኔ ያዞራል። ስንት ዘመን የተሰማ ወሬዬ ድፍን ጆሮ ላይ ቀረ። ሰው በዚህ ካልቀና በምን ይቀናል?

በዚህ መሀል የእንድሪስ ልጅ ከማል ማግባት አማረው። ከማል ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል፤ እዚያው ሉባባ የምትባል ልጅ አይቶ ወደደ። ከአባቷ ከሐጂ ይመር ዘንድ ሽማግሌ ይላክ ተባለ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከማል ዳዴ ሲል ጀምሮ ሱሪውን የሰፋሁለት፣ ሲያድግ ያስረዘምኩለት፣ ሲቀደድ የጣፍኩለት እኔ ነኝ። እንግዲህ ሽማግሌ መርቶ፣ ሐጂ ፊት ቆሞ የሚናገርለት ሌላ ማን ሊሆን ነው?

እንድሪስ ራሱን እያከከ፣ «ቲቸር ቢናገር ምን ይመስልሃል? አንደበቱ ይጥማል» አለኝ።

ሰማይ ምድሩ ዞረብኝ። ለልጁ የሚናገርለት ሌላ ሰው ከሆነ እኔ ከዚያ ቤት ወጣሁ ማለት ነው። ጓደኝነት በደብዳቤ አይሻርም፣ እንዲህ ባለ ቀን ነው የሚሻር።

በማግስቱ ሻይ ቤት ሦስታችንም ተቀምጠን አላስችል አለኝ።

«እንድሪስ፣» አልኩት፣ «ልጅህ የሚያገባት እንግሊዛዊት ናት እንዴ?»

«የኮምቦልቻ ልጅ ናት እንጂ።»

«እንግዲያ አስተርጓሚ ምን ያደርግልሃል?»

ቲቸር ብርጭቆውን አስቀመጠና ፈገግ አለ። ወደ እንድሪስ ደህና ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «ሂ ኢዝ ጀለስ» አለው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱንም ሳልጨርስ የስፌት ማሽኑ ጠራኝ። እንግሊዝኛ ከኔ ወዲያ ነው። ይህችን ቃል ግን አውቃታለሁ! የባጃጅ ልጆች ቀኑን ሙሉ «ጀለስ፣ መናኸሪያ ነህ?»፣ «ተወው፣ ጀለሴ ነው» ሲባባሉ እሰማለሁ። ጀለስ ማለት ጓደኛ ነው። የልብ ወዳጅ ነው። ለካስ እኔ በሆዴ እሬት ስቋጥርለት ሰውየው ጓደኛችን ነው እያለኝ ኖሯል። ወላሂ አፈርኩ። ባፈርኩ ጊዜ ደግሞ ድምፄ ከፍ ይላል።

«አዎ፣ ጀለስ ነኝ!» አልኩ።

ቲቸር ደነገጠ። «ያምናሉ ማለት ነው?»

«ምን ያስክደኛል? ጀለስ ነኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ለእንድሪስ ከጥንት ነው። ላንተ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ዛሬ ነው የሆንኩት።»

«ባለቤትዎ ያውቃሉ?»

«አገር ያውቃል! ከማል ሲያገባም ጀለስ ነኝ፣ ሲወልድም ጀለስ ነኝ፣ አፈር እስክገባ ጀለስ ነኝ!»

መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው። መልሶ አደረገው። «በዕድሜዬ እንዲህ አፍ አውጥቶ የሚናገር ሰው አላየሁም» አለ። «ሰው ይህን ነገር ደብቆ ነው የሚሞተው።»

«ለምን ይደበቃል? ነውር ነው?»

«ነውርስ አይደለም። ብቻ ሲበዛ፣ እንግሊዞች ሰውየው አረንጓዴ ሆነ ይላሉ።»

«አረንጓዴ?»

«አረንጓዴ።»

አረንጓዴ ከሆነማ ደግ ነው። ሐምሌ ላይ ቦሩ ሜዳን ያየ ሰው ስለ አረንጓዴ ክፉ አያስብም። የጀነት ሰዎች ልብስ አረንጓዴ ነው ሲባልም ሰምቻለሁ። እንግሊዝ ለካ ጥሩ አገር ኖሯል፤ ወዳጅነቱ የበረታውን ሰው ለመለመ ይሉታል ብዬ አደነቅሁ።

ቲቸር ወደ እንድሪስ ዞረ። «ሽምግልናውን እሳቸው ይምሩ፤ ይብረድላቸው» አለው። እንድሪስም «ይሁን» አለ። ምኑ እንደሚበርድልኝ አልጠየቅሁም። በገዛ እጁ ቦታውን ለቀቀልኝ አይደል? ጀለስ ማለት እንዲህ ነው ብዬ ጀርባውን መታ መታ አደረግሁት።

ቤቴ ገብቼ የማሽኑን አቧራ አራገፍኩ። ጨርቅ ገዝቼ መጣሁ፤ አረንጓዴ፣ የበቆሎ እሸት የመሰለ። ደህና ሰፊ ጨርቁን አስቀድሞ ውሃ ነክሮ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ያያል፤ ይኼን ስንቱን ልጅ አስተምሬዋለሁ። ግን ሽምግልናው ደርሷል፣ እኔም ጉጉቴ አላስቀምጥ ብሎኛል። ኮት አድርጌ ሰፋሁት። ለብሼ ዘሃራ ፊት ቆምኩ።

«እንዴት ነኝ?»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ጎመኑን ከነሥሩ ነቅሎ ያቆመው ማነው?»

«አንቺ እንግሊዝኛ አይገባሽም።»

«አማርኛ ግን ይገባኛል፤ አውልቀው።»

አላወለቅሁም። እኔ ሰው አውልቅ ሲለኝ ቁልፍ የምጨምር ሰው ነኝ።

ሽማግሌ ሦስት ይሆናል፤ ከኔና ከቲቸር ሌላ የተመረጠው ሦስተኛ ሰው ታመመና እንድሪስ ራሱ ገባ። አባት ለገዛ ልጁ ሽማግሌ ሆኖ አይሄድም፣ ደንብ አይደለም፤ «አልናገርም፣ ዝም ብዬ እቆማለሁ» ብሎ ተለማመጠን። ሚኒባስ ላይ ከቲቸር ጎን ተቀመጠ። እኔ ኋላ ሆኜ የሁለቱን ማጅራት እያየሁ ወረድኩ። ጀለስ ነው፣ ጀለስ ነው እያልኩ ሆዴን አባበልኩት።

ያንን መንገድ የማያውቅ ካለ ልንገረው። ደሴን ጉም እንደለበሰች ትተዋታለህ፤ ሐረጎን ስትወርድ በየጠመዝማዛው አንድ አንድ ልብስ ታወልቃለህ፤ ኮምቦልቻ ስትደርስ ቆዳህንም ማውለቅ ያምርሃል። እኔ ግን ቁልፌን እስከ አንገቴ ቆልፌ ነው የደረስኩት።

በሐጂ ይመር በር ላይ የተቀበለን የሉባባ አጎት ሱልጣን ነው፤ ፋብሪካ ቢሮ የሚሠራ፣ የተማረ ሰው። ቲቸር እንግሊዝኛ አስተማሪ እንደነበር ሲሰማ ፊቱ በራ፤ እዚያው ደጃፍ ላይ ሁለቱ በእንግሊዝኛ ይንጣጡ ጀመር። እንድሪስ አንዷን ጆሮውን ይዞ መሀላቸው ገባ። እኔ የሽማግሌዎቹ መሪ ጫማዬን ሳወልቅ የሚያየኝ አልነበረም። ያኔ ነው ነገሩ የተበላሸው። ቆይ፣ እኔም እንግሊዝኛ አለኝ አልኩ በሆዴ። «አይ አም» ማለት «እኔ ነኝ» እንደሆነ እንድሪስ ሲለማመድ ሰምቻለሁ። የቀረውን ደግሞ አውቀዋለሁ።

ገባን። ሐጂ ይመር ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። «አሰላሙ አለይኩም» አልን። «ወአለይኩም ሰላም፣ ተቀመጡ» አሉ።

«አንቀመጥም፤ ጉዳይ አለን» አልኩ፣ እንደ ደንቡ።

«ጉዳያችሁ ምንድነው? እርስዎስ ማን ይባላሉ?»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ወደ ሱልጣን እያየሁ፣ «አይ አም ጀለስ!» አልኩ።

ሱልጣን ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ። ቲቸር የእጄን አንጓ ያዘ፤ እኔ ሊያበረታታኝ ነው ብዬ ድምፄን ጨመርኩ።

«ሐጂ፣ ልጃችን ከማል ልጅዎን ሉባባን ሊያገባ ነው ሲባል ከሰማሁ ጀምሮ ጀለስነቴ ብሶብኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ!»

«ምን እያሉ ነው?» አሉ ሐጂ።

ሱልጣን ዝቅ ብሎ በጆሯቸው አንሾካሾከ። የሐጂ ፊት ተቀየረ። ሱልጣን ወደኔ ዞረና፣ «አባቴ፣ በማን ነው? በሙሽራው ነው?» አለኝ።

«በሙሽራውም፣ በአባቱም! ልጅቱም ቤታችን ስትገባ በሷም ነው! እኔ መርጬ አላውቅም!»

የቤቱ ሙቀት ዳቦ ይጋግራል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። በኮቴ እጅጌ ግንባሬን ጠረግሁ፣ ጉንጬን ጠረግሁ፣ አንገቴን ጠረግሁ፣ ከዚያም ደረቴን ነፍቼ ዋናውን አወጣሁት፦

«አይ አም ግሪን!»

ሱልጣን አፉን ይዞ፣ «ወላሂ… እውነትም አረንጓዴ ሆነዋል» አለ።

እጄን አየሁ። አረንጓዴ። ሸሚዜን አየሁ፣ አንገትጌው አረንጓዴ። ያልታጠበ ጨርቅ ቀለሙን ሁሉ ፊቴ ላይ አራግፎት ኖሯል። በመጋረጃው የምታይ የሉባባ አክስት፣ «ወይ አላህ! ልጅቱን ደብቁ! ዓይኑን እንዳታዩት!» ብላ ጮኸች። ጓዳ ውስጥ ሳህን ተሰበረ።

ሐጂ ይመር ተነሱ። «ሰዎች፣» አሉ፣ «በልጄ ደስታ ቀናሁ የሚል ሰው ነው ሽማግሌ አድርጋችሁ ያመጣችሁብኝ? የሰው ዓይን ነው ቤቴ ያገባችሁት? በሉ በሰላም ሂዱ፤ እኔ የምሰጠው ልጅ የለኝም።»

ቀናሁ? ማን ቀናሁ አለ? እንድሪስን አየሁት። ፊቱ አመድ ሆኗል። አንድ ልጁ ነው፤ ከማል ደግሞ መንገድ ማዶ ከባጃጅ ማቆሚያው ቆሞ እልልታ ይጠብቃል። እኔ ልሰፋለት ሄጄ ቀደድኩበት።

ቲቸር እጁን ዘረጋ። «ሐጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሁለት ጀለስ አለ። የልጆቹ ጀለስ ጓደኛ ማለት ነው። የእንግሊዞቹ ጀለስ ቀናተኛ ማለት ነው። እኔ በእንግሊዝኛ ስሰድባቸው እሳቸው በአራድኛ ተመሰገኑ። ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።»

ሰደበኝ! ይኸው እናንተ ፊት ልናገር፣ ያኔ ኮምቦልቻ ከነሙቀቷ ብትገለበጥ ደስ ይለኝ ነበር። አገር ያውቃል ብዬ የጮኽኩት እኔ። ጀርባውን መታ መታ ያደረግሁት እኔ።

ሐጂ ግን ቲቸርን አላዩትም። እኔን ነው ያዩት። «ትርጓሜውን ተዉት» አሉ። «እርስዎ በአማርኛ ይንገሩኝ። ይቀናሉ ወይስ አይቀኑም?»

ቲቸር ጠቀሰኝ። እንድሪስ በሁለት ዓይኑ ለመነኝ። ሱልጣን እንኳ ራሱን ነቀነቀልኝ። «አልቀናም» ማለት ነው የቀረኝ። አንድ ቃል። ግን መካ ደርሰው የመጡ ሰው ፊት፣ አረንጓዴ ፊት ይዤ እንዴት ልዋሽ?

«እቀናለሁ» አልኩ።

እንድሪስ ራሱን ያዘ።

«በልጅዎ ወላሂ አይደለም። በከማልም አይደለም፣ ልጄ ነው፤ እንኳን ዓይኔን፣ ነፍሴን እሰጠዋለሁ። የምቀናው በዚህ ነው!» ጣቴን ቲቸር ላይ ቀሰርኩ። «ጓደኛዬን በቃል ወሰደብኝ። እኔ ቃል የለኝም፤ መርፌና ክር ነው ያለኝ። ያንን ሁሉ ዘመን አብሮኝ የተቀመጠ ሰው ዛሬ ደህነኛዋን ጆሮ ለሱ ያዞራል፣ ድፍኗን ለኔ። በዚህ እቀናለሁ ሐጂ። ትናንትም ቀንቻለሁ፣ ቅድም ሚኒባስ ላይም ቀንቻለሁ፣ አሁንም እየቀናሁ ነው። ልጁን ግን በኔ አይቅጡት።»

እንድሪስ፣ «እኔ እኮ… ያ ወንበር እግሩ ስለሚነቃነቅ ነው» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «አንተ ብትጮህ በየትኛውም ጆሮዬ እሰማሃለሁ፤ ቲቸር ግን ሲናገር ድምፁ ቀጭን ነው።»

ሐጂ ጢማቸውን ጨበጡ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ ተቆጡ ብዬ ነበር፤ ለካ ሳቅ ነው። ሲስቁ ሱልጣንም ሳቀ፣ መጋረጃውም ሳቀ። «ለጓደኛው እንዲህ የሚንገበገብ ሰው፣» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ለልጄ ጋሻ ነው እንጂ ዓይን አይደለም። በሉ ቀንቷችኋል፣ ተቀመጡ።»

«አልቀናንም!» አልኩ እኔ ደንግጬ።

«ተሳክቶላችኋል ማለቴ ነው» አሉ።

እንግዲህ ፍረዱ። ሰው ከገዛ ቋንቋው ጋር እንዲህ ከተጣላ ለእንግሊዝኛው ምን ይፈረድበታል?

ምሳ ሳይቀርብ ታጠብ ተባልኩ። ከግቢው ቧንቧ ውሃ እየቀዳ ያስታጠበኝ ቲቸር ነው። እያፈሰሰ፣ ይቅርታ እንደመጠየቅ፣ የቃሉን ዘር ይቆጥርልኝ ጀመር። አልከለከልኩትም፤ ዓይኔ ውስጥ ሳሙና ነበር።

«ይህ ቃል ግሪክ ሲወለድ ክፉ አልነበረም» አለኝ። «ዜሎስ ይባል ነበር። መንገብገብ፣ መቃጠል ማለት ነው። ሁለት ልጅ ወለደ። አንዱ ለሥራው፣ ለሃይማኖቱ የሚተጋ ሰው ስም ሆነ፤ ዜለስ ይሉታል። ሌላው በፈረንሳይ በኩል ዞሮ ጀለስ ሆነ። እኛም ‹ለሃይማኖቱ የቀና› ስንል ምስጋና ነው፣ ‹በሚስቱ የቀና› ስንል ሐሜት።»

«በፈረንሳይ በኩል ባይዞር ምን ነበረበት?»

«ይሄማ…»

«የባጃጆቹስ ጀለስ የማን ልጅ ነው?»

«እሱን አላውቅም። አባቱ አልታወቀም።»

ደስ አለኝ። የማያውቀውም አለ ለካ።

«አረንጓዴውስ?»

«የጥንት ሰዎች ሲቀኑ ሐሞት ይፈላል፣ ፊት አረንጓዴ ያደርጋል ብለው ያምኑ ነበር ይባላል።»

«እኛ አገር ሲቀኑ ዓይን ይቀላል» አልኩት። «የነሱ ቅናት ቃሪያ ነው፣ ገና አልበሰለም። የኛ በርበሬ ነው።»

ሳቀ። ጣሳው ከእጁ ወደቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሱ ጋር መሳቄ ግን ደስ አላለኝም። ፊቴ ለሳምንት ያህል እንደ ሰንበሌጥ ሆኖ ከረመ፤ ዘሃራ ሰው ሲጠይቃት «እየለመለመ ነው» ትል ነበር።

ከማልና ሉባባ ተጋቡ፤ አልሐምዱሊላህ፣ አማረባቸው። ተረቱ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ሐጂ ይመር ደጋን አካባቢ የንብ ቀፎ አላቸው። በሠርጉ ማግስት እንድሪስን ይዘውት ሄደው አሳዩት። እንድሪስ ዝንብ የሚሸሽ ሰው ነበር፤ አሁን ስለ አውራው ንብ፣ ስለ ሰሙ፣ ስለ ጭሱ ካልሆነ አያወራም። እሱም ከተገኘ ነው። ጠዋት ሐረጎን ይወርዳል፣ ማታ ፊቱ አብጦ፣ ደስ ብሎት ይመለሳል።

ባለፈው ከአስር በኋላ ሻይ ቤት ስገባ ቲቸር ብቻውን ተቀምጧል። ሻዩ ቀዝቅዟል። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ወረደ?» አልኩት።

«ወረደ።»

«ደወለልህ?»

«ለርስዎስ?»

«ለኔ አልደወለም።»

ብርጭቆውን አሽከረከረ። «ዛሬ እኮ ጥሩ ቃል ይዤለት ነበር» አለ። «ዘሩ ረጅም የሆነ፣ በሦስት አገር የዞረ። ንብ! ሰው ቃል ትቶ ንብ ይከተላል?»

ፊቱን አየሁት። ዓይኑ ቀልቷል።

«ቲቸር፣» አልኩት፣ «አንተ ጀለስ ነህ።»

«የትኛው?»

«ወንበርህን አስጠጋና እንማ።»

አስጠጋ። ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንድሪስን?»

«እንድሪስንማ እንዴት እናማለን? ሐጂን ነው እንጂ!»